የፍሪላንስ ጋዜጠኛ የወር ማስታወሻ እንዴት ይዘጋጃል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ ለአዲስ አበባና ለውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን ሳይቀጠር የሚሠራ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ሥራው በየቦታው ይበተናል። አንዱ ዘገባ በሬዲዮ ይተላለፋል፤ ሌላው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ሦስተኛው ኤዲተሩ ጋ ይከርማል። ሰኞ ገበያ ሥራዋን አቁማ ያነጋገረችዎት ነጋዴ ታሪኳ የት እንደደረሰ ሳትሰማ ትቀራለች። በወሩ የወጡ ሥራዎችን፣ በእጅ ያለውንና የንባብ ጥቆማን ይዞ በየወሩ የሚላክ የአንድ ገጽ ማስታወሻ በመጀመሪያ ለእሷ ነው። አዲስ ሥራም ያስገኛል፤ እሱ ግን ተከትሎ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ መዝገብ ይያዙ። ደብተርም ይሁን ስልክ፣ ዘገባው በወጣ ዕለት ርዕሱን፣ የወጣበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሊንኩን ያስፍሩ። የሬዲዮ ሥራ ከሆነ የፕሮግራሙን ስምና የተላለፈበትን ሰዓት ይጻፉ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያድርጉት፤ የውጭ ተቋም ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ያወጣው በእኛ ገና ጥቅምት ነው። ድረ ገጽ ሲታደስ የቆየ ሊንክ ስለሚጠፋ ዘገባውን በፒዲኤፍ ያስቀሩ። ክፍያው መግባት አለመግባቱንም እዚያው ይመዝግቡ፤ ይህ ግን የራስዎ ነው፣ ለሰው አይላክም።

ወሩ ሲያልቅ ከመዝገቡ ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ብቻ ይምረጡ። «ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራሁ» ማለት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። እንዲህ ቢሉስ? «በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ስንቱን ለቤት ኪራይ እንደሚያወጡ ተከራዮችንም አከራዮችንም ጠይቄያለሁ።» ምን እንደጠየቁና ማንን እንዳነጋገሩ ታወቀ። የወጣ ዘገባ ላይ ስህተት ተገኝቶ ከሆነ እርማቱ ከሁሉም በላይ ይቀመጥ።

ከዚያ ምንጮችን መጠበቅ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ዘገባው ውስጥ ስሟ የተቀየረ ሠራተኛ በወር ማስታወሻው ልትጋለጥ ትችላለች። «ከሐይቅ ከተማ የመጣች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የማታ ፈረቃ የምትሠራ» ብለው ከጻፉ ስሟ ባይኖርም የሰፈሩ ሰው ያውቃታል። አንዱ ብቻውን ብዙ ሰው ይመስላል፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን አንድ ሰው ይሆናሉ። «አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ» ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስለደረሰባቸው ነገር የነገሩዎትን ደግሞ ደውለው እንደገና ያስፈቅዱ። ለአንድ ጋዜጣ የሰጡት ፈቃድ በቴሌግራም ከሰው ሰው ለሚዞር ጽሑፍ አይሠራም። ፎቶም እንደዚያው ነው።

በእጅዎ ስላለው ሥራ አንድ መስመር ይበቃል። ጉዳዩን እንጂ ያገኙትን አይንገሩ።

የንባብ ጥቆማው ብዙዎች በችኮላ የሚጨርሱት ክፍል ነው፤ እኔ ግን አንባቢ ማስታወሻውን በጉጉት እንዲጠብቅ የሚያደርገው እሱ ይመስለኛል። ጨርሰው ያላነበቡትን አይጠቁሙ። «ግሩም መጽሐፍ ነው» ከማለት ለማን እንደሚሆንና ምኑ እንደሚጠቅም ይናገሩ። ለምሳሌ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ለወጣት ዘጋቢ ሲጠቁሙ፦ «በ1975 ዓ.ም. የታተመ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛ ሆኖ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ይመራል። ከሥልጣን አጠገብ ተቀምጦ መጻፍ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ያንብቡት።» ከልቦለድ ጎን ለሥራ የሚሆን ነገርም ይጨምሩ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን እያንዳንዱ ፍሪላንሰር ቢያነበው እወዳለሁ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሚታተሙ ለውጭ ተቋም የሚጽፍ ሰው የሕግ ቃላቱን እያስተያየ ይማርበታል። የጠቆሙት የጓደኛዎ ሥራ ከሆነ ጓደኛዎ መሆኑን ይግለጹ። መጽሐፉ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ መኖሩን ጠይቀው ዋጋውን ቢጽፉለት አንባቢ ያመሰግንዎታል።

ለኤዲተሮች በኢሜይል፣ ለሌላው በቴሌግራም ይላኩ። ቀኑ አይለዋወጥ፤ ወር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጥሩ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ምንጮች ስለ እነሱ የተጻፈውን ድምፅ ቀርጸው ይላኩላቸው ወይም ደውለው ያንብቡላቸው። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች የወር ማስታወሻ አይወጣባትም፤ በእሷ ፈንታ የዓመቱን ሥራዎች ሙሉ ዝርዝር ያዘጋጁባት።