ቼዝ ላይ ተሳዳቢ ሲያጋጥም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢንተርኔት ቼዝ በሚጫወቱባቸው ድረ ገጾች፣ በሊቼስም ሆነ በቼስ ዶት ኮም፣ የሦስት ደቂቃ ጨዋታ የሚያዘወትር ሰው ተሳዳቢ ማጋጠሙ አይቀርም። ንግሥቱን ያስበላ ተጋጣሚ አንዳንዴ ሰዓቱ እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ በቻቱ እናት አባት አይቀረውም። እንዲህ ያለውን ተጫዋች የማገጃ ቁልፍ በሁለቱም ድረ ገጾች አለ። የምንሳሳተው ከመጫናችን በፊትና በኋላ በምናደርገው ነው።

ከሁሉ የከፋው መልስ መስጠት ነው። ስድብን በስድብ የመለሰ ተጫዋች አቤቱታውን በገዛ እጁ ያበላሻል፤ ቻቱን የሚመረምረው አወያይ የሚያገኘው በዳይና ተበዳይን ሳይሆን ሁለት ተሳዳቢዎችን ነው። ለመልሱ የሚጠፋው ጊዜም የሚቀነሰው ከእርስዎ ሰዓት ነው። ቻቱን መዝጋት ይበቃል። ሰዓት የሚያስጨርሰውንማ ይተዉት፤ ይህን ደጋግሞ የሚያደርገውን ሊቼስ ራሱ ለይቶ ለጊዜው ከጨዋታ ያግደዋል።

በንዴት ተቻኩሎ ማገድም ጥሩ አይደለም። አስቀድሞ የቻቱን ምስል ከነተጠቃሚ ስሙ ማስቀረት፣ የጨዋታውን ሊንክ መያዝ፣ ከዚያ ለአወያዮች ማመልከት፤ ማገዱ ከዚህ በኋላ ይደርሳል። አቤቱታው ላይ «ባለጌ ነው» ብሎ መተው ለማንም አይጠቅምም። ስድቡ በአማርኛ ከሆነ፣ በተለይም በላቲን ፊደል የተጻፈ ከሆነ፣ አወያዩ ሰላምታ ይሁን እርግማን ላይለየው ይችላል። ቃሉን እንዳለ ገልብጠው ትርጉሙን በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ያክሉበት። ነውር ነው ብሎ ማለሳለስ የሚጠቅመው ተሳዳቢውን ብቻ ነው።

ካገዱት በኋላ ጨርሶ የማያይዎት የሚመስልዎ ከሆነ ተሳስተዋል። የሊቼስ ጨዋታዎች ለማንም ክፍት ስለሆኑ የታገደውም ገብቶ መመልከት ይችላል፤ ውድድር ላይ ዳግም ሊገጥምዎ፣ በአዲስ አካውንትም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በምርጫዎች ገጽ ግጥሚያም ሆነ መልእክት ከጓደኞች ብቻ እንዲመጣ ያድርጉ።

ተጋጣሚን «ኮምፒውተር እየተጠቀመ ነው»፣ ማለትም የቼዝ ፕሮግራም እየመራው ያጭበረብራል፣ ብሎ በአደባባይ መክሰስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሁለቱም ድረ ገጾች ይህን ስለሚከለክሉ ከሳሹ ራሱ ሊቀጣ ይችላል። ጥርጣሬውን ከስድቡ ለይተው በማመልከቻው በኩል ብቻ ይላኩ።

«ወንድ ከሆንክ ቴሌግራም ላይ ና» የሚለውን ግብዣ የሚቀበሉ አሉ። ስልክ ቁጥር የሚታይበት ቅንብር ካልተዘጋ ጠቡ ከቼዝ ሰሌዳው ወጥቶ ቤት ድረስ ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ወደ ማስፈራራት ከተሻገረ ሕግ አለ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሥርዓት ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ማስፈራራትን በእስራት ያስቀጣል። ያስቀሩት ምስል እዚህም ያስፈልጋል።

ወላጆች የሚሠሩት ስህተት ግን ከሁሉም ያሳስበኛል። ልጅ «አንድ ሰው ሰደበኝ» ብሎ ሲናገር ስልኩን የሚነጥቅ ወላጅ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይናገር ያደርገዋል፤ የከፋው ነገር ሲመጣም የሚሰማ አይኖርም። የተባለውን አብሮ ማንበብ፣ አብሮ ማመልከት ይሻላል። ሊቼስ ላይ የልጆች ሁነታ አለ፤ ሲበራ ቻቱንም፣ መልእክቱንም፣ ፎረሙንም አንድ ላይ ይዘጋል፣ ከድረ ገጹ ስም አጠገብም የፈገግታ ምልክት ይወጣል። አዋቂ ቢያበራውም የሚከለክለው የለም።