የቀድሞ ወታደርና ቤተሰቡ በድሬዳዋና በሐረር ትምህርት እንዴት ይጀምራሉ?

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ወታደር ያልወጣበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. እዚህ የተዋጉት ዛሬ አያት ሆነዋል፤ በቅርብ ዓመታት ከግዳጅ የተመለሱት ደግሞ ገና ወጣቶች ናቸው። «ለወታደር ቤተሰብ የተለየ ዕድል አለ» የሚል ወሬ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ግን ጊዜ ይበላል። በእጅ ያለውን መብት በወረቀት ማስከበር ይቀድማል።

መጀመሪያ ወረቀትዎን ያሟሉ

የስንብት ደብዳቤ፣ የአገልግሎት ማስረጃ፣ የጡረታ መታወቂያ፣ ጉዳት ካለ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ፣ በሠራዊቱ ውስጥ የወሰዷቸው ሥልጠናዎች ሰርተፊኬት፣ ከመዝመትዎ በፊት የተማሩበት ትራንስክሪፕት። ሁሉንም በአንድ ፋይል ያድርጉ፤ ዋናውን እያሳዩ ኮፒውን ይስጡ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ስም ነው። በሠራዊቱ መዝገብ የተጻፈው፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ ያለውና በፋይዳ መታወቂያ የተመዘገበው በአንድ ፊደል ከተለያየ ጉዳይዎ ይቆማል። ሁለቱም ስም የእርስዎ መሆኑን በፍርድ ቤት ውሳኔ ያስረግጡ፤ ይህን ምዝገባ ሳይደርስ ይጨርሱት።

ራስዎ ለመማር

ትምህርት ካቋረጡ የማታ ትምህርት ያለበትን የመንግሥት ትምህርት ቤት በቀበሌዎ ይጠይቁ። 12ኛ ክፍልን ጨርሰው ውጤት ያልመጣላችሁ ደግሞ በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥ ትችላላችሁ።

ሙያ ያለው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አለው ብዬ አምናለሁ። በሠራዊቱ ውስጥ መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ግንበኛ ወይም የምግብ ዝግጅት ባለሙያ የነበረ ሰው ችሎታው በልምድ የተገኘ ቢሆንም በሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ሊፈተን ይችላል። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ነው። ካለፉ የደረጃ ሰርተፊኬት ይሰጥዎታል፤ ይህ ለሥራ ቅጥርም፣ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለመሻገርም ያገለግላል። በድሬዳዋ ኢትዮ-ኢጣሊያ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ በሐረር ደግሞ ሐረር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደው በየትኛው ደረጃ መመዘን እንደሚሻልዎት አሠልጣኞቹን ያማክሩ። ግንባር ላይ በሕክምና የሠሩ ግን በዚያ ልምድ ብቻ ሆስፒታል መቀጠር አይችሉም፤ የጤና ሙያ ፈቃድ የራሱ ትምህርት አለው።

ለልጆች

ወታደሩ በሞት ከተለየ ሕጉ ለትዳር ጓደኛ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይሰጣል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወርሃዊ ክፍያ ባይኖረውም ደንብ ልብሱ፣ ደብተሩና ትራንስፖርቱ ከዚህች ብር ነው የሚወጡት። ለማመልከት የሞት፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምዝገባ ያስፈልጋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ካርድ የላቸውም። ዛሬውኑ ያስመዝግቧቸው።

አሁን ደግሞ ብዙ እናቶችን የሚያስደነግጠው ነገር፦ የልጁ ድርሻ 18 ዓመት ሲሞላው ይቆማል። በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ደግሞ 18 ሲሞላው ገና 12ኛን እየጀመረ ነው። ገንዘቡ የሚቋረጠው ልጁ ከሁሉ በላይ በሚፈልገው ዓመት ነው። ስለዚህ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ጀምሮ ከድርሻው ትንሽ ትንሽ በስሙ ባንክ ያስቀምጡለት፤ ወይም ተራዎ ልጁ 12ኛን በሚጀምርበት ክረምት እንዲደርስ አስበው እቁብ ይግቡ። ልጁም ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ካወቀ ከእናቱ ጋር አብሮ ያቅዳል።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ

በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ ድሬዳዋ፣ ሐረማያ ወይም ሌላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢመደብ፣ በመደበኛው መርሐ ግብር ቀድሞ የሚከፍለው የትምህርት ዋጋ የለም። የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ዕዳውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። የውሉን ኮፒ ከወላጁ የጡረታ ፋይል ጋር ያስቀምጥ፤ ዕዳው ሳይከፈል ዋናውን የዲግሪ ወረቀት መውሰድ አይቻልም። የማታና የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ግን በክፍያ ስለሆነ፣ ልጁን ከማስመዝገብዎ በፊት የአንድ ሴሚስተር ሳይሆን የሙሉውን ዓመታት ወጪ ሬጅስትራሩን ይጠይቁ።