በአሜሪካ የታክስ ክሬዲት ለሚሠሩ ቤቶች ኪራይ እንዴት ይተመናል?

ለዝቅተኛ ገቢ ተከራዮች ቤት ለሚሠሩና ለሚያድሱ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታክስ ክሬዲት (ከሚከፈለው ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ይሰጣል። ክሬዲቱ የሚወሰደው በ10 ዓመት ነው፤ ቤቱን በተወሰነ ኪራይ ለዝቅተኛ ገቢ ተከራዮች የማከራየት ግዴታው ግን ቢያንስ 30 ዓመት ይቆያል። የመሬት ዋጋ በክሬዲቱ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ለመሬቱ ሌላ ገንዘብ ፈልጉ።

ብዙ ስህተት የሚሠራው ኪራይ ላይ ነው። የኪራይ ጣሪያው የሚሰላው በተከራዩ ደመወዝ ወይም በቤተሰቡ ቁጥር አይደለም። ለእያንዳንዱ መኝታ ክፍል 1.5 ሰው፣ ለስቱዲዮ (የተለየ መኝታ ክፍል ለሌለው ቤት) 1 ሰው ይታሰባል። ስለዚህ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለ3 ሰው ቤተሰብ በተፈቀደው የገቢ ጣሪያ ይተመናል፤ ኪራዩም ከዚህ ገቢ 30 በመቶ አይበልጥም። ለምሳሌ የገቢ ጣሪያው በዓመት 60,000 ዶላር ቢሆን፣ 30 በመቶው 18,000፣ በወር 1,500 ይሆናል። ተከራዩ መብራትና ጋዝ ራሱ የሚከፍል ከሆነ የዚያ ግምት ይቀነሳል፦ 150 ቢሆን፣ ከፍተኛው ኪራይ 1,350 ነው።

ይህን የመብራትና የጋዝ ግምት በየዓመቱ አድሱት። ግምቱ ከፍ ብሎ ኪራዩ ካልወረደ ቤቱ ከኪራይ ጣሪያው በላይ ተከራይቷል ማለት ነው፤ ክሬዲቱም አደጋ ላይ ይወድቃል።

የተከራይ ገቢ ቢያድግ አታስወጡት። ከገቢ ጣሪያው 140 በመቶ ካለፈ ግን፣ በዚያው ሕንፃ ቀጥሎ የሚለቀቀውን ተመሳሳይ ወይም ያነሰ ቤት መስፈርቱን ለሚያሟላ አዲስ ተከራይ ስጡ። የገቢ ማስረጃውን ሰው ከመግባቱ በፊት አጣርታችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።