በቀረጻ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ሲገደል፦ የወንጀል ልብወለድ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወንጀል ልብወለድ አንባቢ ገዳዩን ከመርማሪው ቀድሞ ለመያዝ ይሽቀዳደማል። ታሪኩ የሚካሄደው በሙዚቃ ቀረጻ ስቱዲዮ ከሆነ ፍንጩ የሚገኘው ከማይክ፣ ከቴፕና ከውል ወረቀት ነው። የዕቃዎቹ ጠባይ ከተዛባ ውድድሩ ተጭበረበረ ማለት ነው።

ስፖንጅ ተኩስ ያፍናል ብሎ ማሰብ

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ ሥራው ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ መዋጥ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያመልጠውን አያግድም። የሚያግደው የግድግዳው ክብደት፣ በሁለት ግድግዳ መካከል የተተወው ክፍተት፣ ድርብ በርና ድርብ መስታወት ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ 60 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ተቀነሰ እንበል። ሽጉጥ በቅርብ ሲተኮስ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፤ ስለዚህ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ቢያንስ 90 ያህሉ ይደርሰዋል፣ ክው ብሎ ይደነግጣል። «ማንም አልሰማም» ማለት ካስፈለገ ገዳዩ ሌላ መሣሪያ ይያዝ።

ገዳይ ማይክ

ለኮንደንሰር ማይክ በገመዱ 48 ቮልት ይላክለታል። ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ ከረንቱ በሬዚስተር ስለተገደበ ከጥቂት ሚሊአምፔር አይበልጥም፤ ሰው አይገድልም። የሚገድለው ከሶኬቱ የሚመጣው ነው። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የብሪታንያ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ እንዳለ ግራውንዱ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) በትክክል ያልተገናኘ ማይክ ነክቶ ሞቷል። ብዙ ደራሲ እዚህ ላይ የሚስተው ነገር አለ፦ የአምፕሊፋየሩን ግራውንድ ሽቦ መቁረጥ ብቻውን ማንንም አይጎዳም። ኤሌክትሪክ የያዘው ሽቦ ከብረት አካሉ ጋር መነካካት አለበት፤ ጊታሪስቱም ክሮቹን እንደያዘ ግራውንድ ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ማይክ፣ በከንፈሩ መንካት አለበት። ሽቦውን ሁለት ቦታ ላይ ማበላሸት ዕውቀትም ጊዜም ይጠይቃል፣ የተጠርጣሪዎቹንም ቁጥር ያሳንሳል።

ቴፕ እንደሚያልቅ መርሳት

762 ሜትር ርዝመት ያለው ሪል (ጥቅል ቴፕ) በሴኮንድ 38 ሴንቲሜትር ሲሄድ 33 ደቂቃ ይቆያል፤ በ76 ሴንቲሜትር ደግሞ 16 ደቂቃ ተኩል። «ሌሊቱን ሙሉ እየቀዳሁ ነበር» የሚል ኢንጂነር ሪሉን ማን ይቀይርለት እንደነበር ይጠየቃል።

ከቴፕ የሚወጣው ምርጥ ፍንጭ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። ተጠቅልሎ በተቀመጠ ሪል ላይ የአንዱ ዙር ድምፅ ከጎኑ ባሉት ዙሮች ላይ በስሱ ይታተማል። ገዳዩ ተኩሱ ያለበትን ግማሽ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ በምላጭ ቆርጦ ጫፎቹን አጣበቀ እንበል። መርማሪዋ ሙዚቃው ጸጥ የሚልበት ቦታ ላይ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ታደርጋለች፤ ከመጋጠሚያው አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ቀደም ብሎ፣ ከሩቅ በር እንደተዘጋ ያለ፣ ደብዘዝ ያለ «ጧ» ትሰማለች። አንድ ጥንቃቄ፦ ቴፑ በዚያው ሌሊት ከተቆረጠ ኅትመቱ ገና ደካማ ነው። ሳምንታት ይለፉ።

የፋይሉን ሰዓት ማመን

ፋይሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከኮምፒውተሩ የተወሰደ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ያዞረዋል። የተሻለው ምስክር ቀረጻው ውስጥ የገባው የኤሌክትሪክ እምምታ ነው። እንደየአገሩ በሴኮንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሆኖም ልኩ በየጊዜው በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ከኤሌክትሪክ መስመሩ መዝገብ ጋር ሲመሳከር ቀረጻው መቼ እንደተካሄደ ያሳያል። ቅንጥብጣቢ ድምፅ አይበቃም፤ ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ።

ተኳሹ የት እንደቆመ ለማወቅ ደግሞ የድራሙ ማይኮች ይበቃሉ። ድምፅ በአንድ ሺህኛ ሴኮንድ 34 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ ተኩሱ ለየትኛው ማይክ ቀድሞ እንደደረሰ ትራኮቹ ላይ ይታያል።

ድምፃዊውን ገድሎ መክበር

ፕሮዲዩሰሩ ለገንዘብ ገደለው የሚል መጨረሻ የውል ዕውቀት ማነስ ነው። የግጥምና ዜማው መብት አንድ፣ የማስተር ቀረጻው (የዘፈኑ ዋና ቅጂ) መብት ሌላ ነው። ማስተሩ ብዙውን ጊዜ ድሮም የአሳታሚው ነው፤ የሟቹ የግጥምና የዜማ ድርሻ ደግሞ ለወራሾቹ ያልፋል። ቅድመ ክፍያው ገና ካልተመለሰ እንዲያውም አሳታሚው በሞቱ ሊከስር ይችላል። የሚያሳምን ምክንያት ከፈለጉ ሦስት ሰዎች አብረው የደረሱትን፣ የድርሻ ወረቀቱ ገና ያልተፈረመበትን ዘፈን ይውሰዱ። ሦስተኛው ነገ ሊፈርም ዛሬ ቢሞት፣ የቀሩት ሁለቱ «ዘፈኑ የእኛ ብቻ ነው» ብለው ከሲሶ ወደ ግማሽ ይሸጋገራሉ፤ ውሸታቸውን የሚያጋልጠው በሟቹ ስልክ ላይ የቀረው የመጀመሪያው የዜማ ልምምድ ብቻ ነው።