ደብዳቤያችሁን የማያነብ ነጻ ኢሜይል እንዴት ትመርጣላችሁ?

«ኢሜይል ምን ያደርግልኛል፣ እኔ ሁሉንም ነገር በቴሌግራም ነው የምጨርሰው» የሚል ሰው ሞልቷል። ግን እስቲ አስቡት። የፌስቡክ ፓስወርድ ሲጠፋ መቀየሪያው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ቴሌግራም ራሱ ሁለተኛ ፓስወርድ ስታስገቡለት መጠባበቂያ ኢሜይል ይጠይቃችኋል። ሥራ ስታመለክቱ፣ ስኮላርሺፕ ስትሞክሩ፣ ዲቪ ስትሞሉ፣ ሁሉም ጋ ኢሜይል አለ። ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው ቀስ እያለ ሌላውንም ሁሉ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ማን ዘንድ እንደምታስቀምጡት መምረጥ ተገቢ ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም።

መጀመሪያ፣ አሁን ያላችሁ ኢሜይል የማን ነው?

ጥያቄው እንግዳ ይመስላል። ግን እዚህ ዳር ከተማ፣ ከቃሊቲ ወዲያ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ፣ የብዙ ሰው ኢሜይል የተከፈተው ሞባይል ሱቅ ውስጥ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ትንሽ ቆም ብትሉ ታዩታላችሁ። አዲስ ስልክ የገዙ እናት ይመጣሉ። ልጁ «ማዘር፣ ጂሜይል አለዎት?» ይላል። «ምኑን ልጄ?» ይሉታል። ወዲያው ስማቸው ላይ ቁጥር ደርቦ ይከፍትላቸዋል። ፓስወርዱን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ወይ የእሳቸው ስልክ ቁጥር ነው፣ ወይ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የሚሰጠው ያው አንድ ነገር። ከዚያ የስልኩ ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፍላቸዋል። ካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፣ በዚያው ይረሳል።

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሰልፉን ማፍጠኑ ነው። ግን ያ ኢሜይል ሙሉ በሙሉ የእሳቸው አይደለም። ዲቪ ሲሞላም እንደዚሁ ነው፤ አንዳንድ ኢንተርኔት ቤት የቤቱን ኢሜይል ለብዙ ሰው ይሞላል። የማረጋገጫ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው መልሶ ለማግኘት ያኔ የተሞላው ኢሜይል ያስፈልገዋል፤ ያ ኢሜይል ደግሞ እጁ ላይ የለም።

ስለዚህ አዲስ ነገር ከመክፈታችሁ በፊት ያለውን ፈትሹ። ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ ግቡ፣ ጉግል የሚለውን ንኩ፣ አካውንታችሁን ክፈቱና ሴኩሪቲ የሚለው ጋ ሂዱ። ሦስት ነገር እዩ፦ መጠባበቂያ ስልኩ የማን ነው? መጠባበቂያ ኢሜይሉስ? በአካውንቱ የገቡት ስልኮችና ኮምፒውተሮች የትኞቹ ናቸው? የማታውቁት ካለ አስወጡት፣ ፓስወርዱንም እዚያው ቀይሩ። የድሮ ሲም ቁጥር ካለም አንሱት። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፣ ያኔ መቀየሪያ ኮዱ የሚደርሰው ለማታውቁት ሰው ነው።

ቀጥሎ፣ ኩባንያው በምን ይተዳደራል?

ኢሜይል ማስቀመጥ ወጪ አለው። ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ሠራተኛ ይፈልጋል። እናንተ ካልከፈላችሁ ሌላ የሚከፍል አለ፣ እሱ ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ጂሜይል በ2004 እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲጀመር ኮምፒውተሩ የሰውን መልእክት እያነበበ ከሚያነበው ጋር የሚሄድ ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። ይህን እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2017 ነው። አቆመ፣ ጥሩ። ግን ጉግል ዛሬም ዋናው ገቢው ማስታወቂያ ነው፤ መልእክታችሁንም ኮምፒውተሩ አሁንም ያየዋል፣ ስፓም ለመለየት፣ የበረራ ቀን ለማስታወስ፣ መልስ ለመጠቆም።

እንደ ፕሮቶን ሜይልና ቱታ ያሉት ኢሜይል ሰጪ ኩባንያዎች ደግሞ የሚተዳደሩት ከፍለው በሚጠቀሙ ደንበኞች ነው። ነጻው የሚኖረው በእነሱ ክፍያ ነው። ለዚህም ነው ቦታ ላይ ቆጠብ የሚሉት፦ ጂሜይል 15 ጊጋባይት ሲሰጥ እነሱ በነጻ የሚሰጡት እስከ 1 ጊጋባይት ነው። እኔ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ነው የማየው፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው፦ ቢፈልጉ ማንበብ ይችላሉ?

«አናነብም» እና «ማንበብ አንችልም» በጣም ይለያያሉ። ተራ ኢሜይል ላይ ቁልፉ ኩባንያው ጋ ነው። ቤት ተከራይታችሁ አከራዩ ትርፍ ቁልፍ እንዳለው ማለት ነው፤ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፣ በሌላችሁበት አይገባም ይሆናል፣ ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። ያ ቁልፍ ሊሰረቅም ይችላል። በ2013 ያሁ ላይ የደረሰው ስርቆት 3 ቢሊዮን አካውንት ነው የነካው፣ ማለትም ያኔ የነበሩትን በሙሉ፤ ሙሉ ቁጥሩን ደግሞ ሰው የሰማው በ2017 ነው።

ፕሮቶንና ቱታ መልእክቱን የሚቆልፉት በእናንተ ፓስወርድ በሚከፈት ቁልፍ ነው። እነሱ ጋ የሚቀመጠው የተመሰጠረው፣ ማለትም ያለ ቁልፉ የማይነበበው ነው። ሁለት የፕሮቶን ተጠቃሚዎች ሲጻጻፉ ደብዳቤው ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ተቆልፎ ይሄዳል፣ ቱታም እንደዚያው።

እዚህ ጋ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከፕሮቶን ወደ ጂሜይል የላካችሁት መልእክት ጂሜይል ሲደርስ ይነበባል፣ ምክንያቱም ተቀባዩ ጋ ያለው ቁልፍ ጉግል ጋ ነው። ሚስጥር ያለው ነገር ወደ ጂሜይል መላክ ካለባችሁ ፕሮቶንም ቱታም መልእክቱን በፓስወርድ ቆልፎ መላኪያ አላቸው፤ ፓስወርዱን በኢሜይል ሳይሆን ደውላችሁ ንገሩት። ሌላው ደግሞ፣ ፕሮቶን የመልእክቱን ርዕስ እንደ ውስጡ አይቆልፈውም፣ ቱታ ግን ርዕሱንም ይቆልፋል። ስለዚህ ፕሮቶን ላይ ርዕሱ ቦታ «የሕክምና ውጤቴ» ብላችሁ አትጻፉ።

ከዚያ፣ ያለበት አገር

ፕሮቶን ስዊዘርላንድ ነው፣ በ2014 በሰርን የምርምር ማዕከል የተገናኙ ሳይንቲስቶች የጀመሩት። ቱታ ጀርመን፣ ሃኖቨር ነው፣ እስከ 2023 ቱታኖታ ይባል ነበር። ጠንካራ የግል መረጃ ሕግ ያለበት አገር ይሻላል። ግን የትም አገር ያለ ኩባንያ የአገሩን ፍርድ ቤት ይታዘዛል። በ2021 ፕሮቶን በስዊዝ ባለሥልጣናት ሕጋዊ ትእዛዝ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች የኢንተርኔት አድራሻ አሳልፎ ሰጥቷል። የደብዳቤውን ይዘት ግን መስጠት አልቻለም፣ ቁልፉ የለውምና። ከእነዚህ አገልግሎቶች የሚጠበቀው ይህንኑ ያህል ነው፤ የጻፋችሁት ይደበቃል፣ ማንነታችሁ ግን ሙሉ በሙሉ አይደበቅም።

ዕድሜውንም እዩ። ስኪፍ የሚባል ጥሩ የተመሰጠረ ኢሜይል ነበር፤ በየካቲት 2024 ሌላ ኩባንያ ገዛው፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተዘጋ። ትናንት የተጀመረ ነጻ ኢሜይል የቱንም ያህል ቢያምር የባንክ ነገራችሁን አታስሩበት።

የትኛውን ልምረጥ?

እኔ ለአብዛኛው ሰው ፕሮቶንን ነው የምመክረው። ለመልመድ ቀላል ነው፣ ፓስወርድ ቢጠፋ ትንሽ መመለሻ አለው፣ በነጻው በቀን 150 መልእክት ያስልካል፤ ለግል ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ቱታ ርዕሱን ስለሚቆልፍ ይበልጥ ድብቅ ነው፣ ግን ጥብቅ ነው። በነጻ የተከፈተ አካውንት ስድስት ወር ካልገባችሁበት ይሰረዛል። ለንግድም በነጻ አይፈቀድም፣ ሱቅ ያላችሁ ልብ በሉ። አዲስ ስትከፍቱ አንዳንዴ እስከ 48 ሰዓት ያስጠብቃል፣ ስለዚህ የሥራ ማመልከቻ ሊዘጋ ሲል ተሯሩጣችሁ አትክፈቱት።

ፓስወርድ ለሚረሳ ሰው ደግሞ፣ ለምሳሌ ለእነዚያ ለእናታችን፣ ሁለቱንም አልመክርም። የራሳቸው ቁጥር የገባበት፣ ፓስወርዱ የተቀየረ ጂሜይል ይሻላቸዋል። ሴቲንግ ገብታችሁ «ስማርት ፊቸርስ» የሚለውን (ኮምፒውተሩ መልእክቱን እያየ መልስ የሚጠቁምበትን) አጥፉላቸው፣ ለማስታወቂያ መረጃ መሰብሰቡንም አጥፉላቸው። የማይከፈት ምስጢራዊ ኢሜይል ጭራሽ ኢሜይል ከማጣት አይሻልም።

የዳታ ነገርም አለ። የተመሰጠረ ኢሜይል ውስጥ አሮጌ መልእክት በውስጡ ቃል መፈለግ ቀላል አይደለም፤ ኩባንያው ማንበብ ስለማይችል ፍለጋውን የሚሠራው የእናንተ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ነው፣ ለዚያም መልእክቶቹን ማውረድ ይኖርበታል። በሞባይል ፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ዋይፋይ ስታገኙ አድርጉት።

አከፋፈቱ

በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ እጅ ክፈቱ። ኢንተርኔት ቤት አይሁን። ሰው እንዲያግዛችሁ ከፈለጋችሁ አጠገባችሁ ይቀመጥ፣ ፓስወርዱን ግን እናንተ ጻፉ።

አፑን ከፕሌይ ስቶር አውርዱ፣ ነጻውን ምረጡ። ስም ስትመርጡ በስልክ ስትናገሩት የማያስቸግር አጭር ይሁን፤ የትውልድ ዓመታችሁን አትጨምሩበት። ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ብትጽፉ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ከባድ ነው። ሰው መሆናችሁን ለማረጋገጥ ሌላ ኢሜይል ወይም ስልክ ሊጠይቅ ይችላል፣ አትደንግጡ።

አሁን የማትዘሉት ነገር። ፕሮቶን ሴቲንጉ ውስጥ 12 ቃላት ያሉት መመለሻ ይሰጣችኋል። ቱታ 64 ፊደልና ቁጥር የሆነ ኮድ ይሰጣችኋል። ፕሮቶን ላይ ያለ 12ቱ ቃላት ፓስወርድ ብታስቀይሩ አካውንቱ ሊመለስ ይችላል፣ የድሮ ደብዳቤዎቹ ግን እንደተቆለፉ ይቀራሉ። ቱታ ላይ ፓስወርዱም ኮዱም ከጠፋ አለቀ፣ ማንም አይመልስላችሁም። ስለዚህ በወረቀት ጻፉት፣ አንድ በአንድ አመሳክሩት፣ የቤት ካርታና የልደት ሰርተፊኬት የምታስቀምጡበት ፌስታል ውስጥ ክተቱት። ስክሪንሹት አታንሱ፤ ፎቶአችሁ ጉግል ፎቶስ ላይ በራሱ የሚጫን ከሆነ ኮዱ ተመልሶ የሸሻችሁት ጉግል ጋ ይቀመጣል።

ሁለተኛ ማረጋገጫም (ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቅ ኮድ) አብሩ፣ በነጻውም ይፈቀዳል። በኤስኤምኤስ ከሚመጣ ኮድ ይልቅ ኤጂስን (Aegis) የመሰለ ኮድ የሚያወጣ ነጻ አፕ ይሻላል። ኔትወርክ ባይኖርም ኮዱን ይሰጣል፣ እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ሲዳከም የምታውቁ ጥቅሙ ይገባችኋል።

መሸጋገሩ

ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሩ። መጀመሪያ ባንክ፣ ከዚያ ቴሌግራምና ፌስቡክ፣ ከዚያ ሥራ ያመለከታችሁባቸው። በየቀኑ ሁለት ሦስት እየቀየራችሁ ሂዱ። ፎርም የሚሞላላችሁ ሰው ካለ ስክሪኑን ተመልከቱ፤ ጸሐፊዋ «አት» የሚለውን ምልክት እንደነካች እጇ በልማድ ጂሜይል ብሎ ይጨርሳል፣ እናንተ ፕሮቶን ብትሏትም። ሰብሚት ከመባሉ በፊት አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡት።

የግድ ኢንተርኔት ቤት ኢሜይል መክፈት ካለባችሁ በግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ክፈቱ፣ ብሮውዘሩ «ፓስወርድ ላስቀምጥ?» ሲላችሁ አይሆንም በሉ፣ ስትጨርሱ ሎግ አውት አድርጉ። ለፕሪንት ብላችሁ ያወረዳችሁትን ፋይልም ዳውንሎድ ከሚለው ፎልደርና ከሪሳይክል ቢን አጥፉ። ቤት ስትደርሱ ሴቲንግ ውስጥ የገባችሁባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር እዩ፣ የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር አሁንም ካለ ከስልካችሁ ሆናችሁ አስወጡት።

የድሮውን ጂሜይል አትሰርዙት። አንድሮይድ ስልክ ፕሌይ ስቶር ለመክፈት ይፈልገዋል፣ የረሳችሁት ቦታ የተመዘገበም አይጠፋም። ለተወሰነ ወራት አልፎ አልፎ እየገባችሁ ማን እንደጻፈ እዩ፣ የጻፈው ድርጅት ጋ ሄዳችሁ አድራሻውን ቀይሩ፣ ደብዳቤ መምጣት ሲያቆም ለፕሌይ ስቶር ብቻ ተውት።