የመኪና መግቢያ ተዳፋት፦ የቱ ጋ ይላላ፣ የቱ ጋ ይጥበቅ?

ተዳፋት መሬት ላይ ቤት የምትሠሩ፣ ቦታ ሸንሽናችሁ የምታለሙ ወይም የግንባታ ደንብ የምታወጡ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። ለመኪና መግቢያው ተዳፋት አንድ ቁጥር አስቀምጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያ ማስገደድ እግረኛውን ይጎዳል። የሚያስፈልገን ግቢ ውስጥ ላላ የሚል፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ግን ፍንክች የማይል ደንብ ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን እንያዝ። ከፍታውን ለአግድም ርቀቱ አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ ተዳፋቱን ታገኛላችሁ። የጋራዡ ወለል ከእግረኛ መንገዱ 1.2 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ደንቡ ከ10 በመቶ አትለፉ ካለ መግቢያው 12 ሜትር ይፈልጋል። 15 በመቶ ከፈቀደ ደግሞ 8 ሜትር ይበቃል ማለት ነው። ግን አትቸኩሉ፤ 15 በመቶ ዳገት ከሜዳ ላይ ድንገት ከተነሳ የመኪናው ሆድ መሬት ይነካል፣ ስለዚህ ከታችም ከላይም 2 ሜትር ያህሉን በግማሽ ተዳፋት፣ በ7.5 በመቶ ማለሳለስ አለባችሁ። ያኔ ርዝመቱ 10 ሜትር ይሆናል።

ያተረፋችሁት 2 ሜትር ነው። አትናቁት። ቤቱ ወደ መንገዱ ይጠጋል፣ ሙሌቱና የአፈር መደገፊያ ግንቡ ይቀንሳል፣ መስኮቱና በሩም ለሚያልፈው ሰው ይቀርባሉ። ጥብቅ ደንብ ባለበት ግን ቤቶቹ በሙሉ ወደ ኋላ ይሸሹና እግረኛው በረጅም ኮንክሪትና በግንብ መሀል ብቻውን ይሄዳል። በእንደዚህ ዓይነት መንገድ ማን በእግሩ መሄድ ይወዳል? እንዲያውም ቁጥሩን ከመነካካታችሁ በፊት የጋራዡን ወለል ከቤቱ ወለል ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እዩ። ሁለት ጎረቤቶች አንድ መግቢያ ቢጋሩ ደግሞ እግረኛው የሚያቋርጠው መግቢያ በግማሽ ይቀንስለታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለመኪናው ዳገት የሆነው ለእግረኛው የጎን ማዘንበል ነው። መግቢያው በእግረኛ መንገዱ ላይ ካዘነበለ ዊልቸር ወደ አስፋልቱ ይንሸራተታል፣ ገፊው በአንድ እጁ ብቻ ሲታገል ይውላል፣ በከዘራ የሚሄድ ሰውም ሚዛኑን ይስታል። የአሜሪካ የተደራሽነት መስፈርት የጎን ተዳፋትን በ1 ለ48 ይገድባል፣ 2 በመቶ ገደማ ማለት ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ታዲያ መኪናው ከአስፋልቱ እንዴት ይውጣ? በመንገዱ ጠርዝና በእግረኛ መንገዱ መሀል ሣር ወይም ዛፍ የሚተከልበት ክፍተት ካለ መወጣጫውን እዚያው ጨርሱት፤ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። ክፍተት ከሌለ የእግረኛ መንገዱ ከመወጣጫው ኋላ ዞሮ እንዲያልፍ አድርጉ፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ደልዳላ መተላለፊያ ይኑረው። ቦታው ጠቦ ይህም ካልተቻለ የእግረኛ መንገዱን ራሱን ከግራና ከቀኝ ቀስ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ተዳፋቱ ከ1 ለ12፣ ማለትም ከ8 በመቶ ገደማ ሳይበልጥ። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ መግቢያው ላይም ሳይቋረጥ ይቀጥል፤ ሾፌሩ የሰው መንገድ እያቋረጠ መሆኑን በዓይኑ ያያል።

ውሃውን አትርሱ። መግቢያው ወደ መንገዱ ከወረደ ጎርፉ እግረኛው ላይ ሳይደርስ ግቢው ውስጥ በፍርግርግ ቦይ ያዙት፣ ወደ ቤቱ ከወረደ ደግሞ ቦዩ ጋራዡ በር ፊት ይሁን። በረዶ በሚጥልበት አካባቢ 15 በመቶ መፍቀድን አልደግፍም።

ደንብ አውጪ ከሆናችሁ ከእያንዳንዱ አመልካች ከመንገዱ መሀል እስከ ጋራዡ በር የሚደርስ የጎን ቁራጭ ንድፍ፣ ማለትም መሬቱን ከጎን ቆርጦ ከፍታና ዝቅታውን የሚያሳይ ሥዕል፣ ጠይቁ። የእግረኛ መንገዱ እዚያ ላይ ከ2 በመቶ በላይ ካዘነበለ ንድፉን መልሱት። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ መሸጋገሪያዎቹ እስከተለሳለሱ ድረስ፣ ለመሬቱ ልክ ተዉለት።