እንግሊዝኛ ላይ ስናወዳድር የሚበላሽብን የት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ተማሪው ቃላት ያውቃል፣ ግሱንም በጊዜው ያረባል። ሁለት ነገር አወዳድር ሲባል ግን ይደናቀፋል። ዓሣን ከዓሣ፣ ቀረሶን ከአምባዛ፣ ከተማን ከከተማ ሳናወዳድር የምንውልበት ቀን የለም፤ ስለዚህ ይሄ ታልፎ የሚሄድ ችግር አይደለም። ስህተቶቹ ብዙ ቢመስሉም አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው፦ አማርኛውን ቃል በቃል መገልበጥ።

«አዲስ አበባ ኢዝ ቢግ ፍሮም ሐዋሳ»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። በአማርኛ «ከእሱ እሷ ረጅም ናት» እንላለን። «ረጅም» የሚለው ቅጽል ምንም አልሆነም። የማወዳደሩን ሥራ የሠራው «ከ» ነው። ወይም «ትበልጣለች» ብለን ለግሱ እንሰጠዋለን። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለቅጽሉ ነው የሚሰጠው። «ቢግ» ራሱ ተለውጦ «ቢገር» ይሆናል። «ከ» ደግሞ እዚህ ቦታ «ፍሮም» አይደለም። «ፍሮም» ከአዳማ መጣሁ ስትሉ ነው የሚያገለግለው። ለማወዳደር «ዛን» እንላለን።

መፍትሄው፦ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር በልባችሁ ይዛችሁ ቃል በቃል አትገልብጡ። መጀመሪያ ቅጽሉን ለውጡ፣ ቀጥሎ «ዛን» በሉ። «አዲስ አበባ ኢዝ ቢገር ዛን ሐዋሳ።» ስትጽፉ የ«ዛን» አናባቢ «ኤ» መሆኑን ልብ በሉ። በ«ኢ» ከጻፋችሁት ትርጉሙ «ከዚያ» ይሆናል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎችም ይሄን ይሳሳታሉ።

«ሞር ቢገር»፣ «ሞር ቤተር»

ምክንያቱ፦ «ሞር» እና መጨረሻ ላይ የሚገባው «ኢ-አር» ሥራቸው አንድ ነው። አንዱ ካለ ሌላው አይገባም። የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው የቃሉ ርዝመት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ያሳስተናል። «ስሞል» ስንጽፈው ሦስት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን የሚሰማው አናባቢ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሰማውን አናባቢ ቁጠሩ።

አንድ ከሆነ «ኢ-አር» ጨምሩ፤ ከሁሉም ለሚበልጠው «ኢ-ኤስ-ቲ»፦ ስሞል፣ ስሞለር፣ ስሞለስት። ሁለት ሆኖ በ«ዋይ» ካለቀ «ዋይ»ው ወደ «አይ» ይለወጣል፦ ሃፒ፣ ሃፒየር፣ ሃፒየስት። እንደ «ኤክስፔንሲቭ» እና «ቢዩቲፉል» ያሉት ረጃጅሞች «ሞር» እና «ሞስት» ይወስዳሉ። እንደ «ሲምፕል» ያሉ ጥቂት ባለ ሁለት አናባቢዎች ወይ «ኢ-አር» ወይ «ሞር» ይቀበላሉ። አጻጻፍ ላይ ደግሞ «ቢግ» «ጂ»ውን፣ «ሆት» «ቲ»ውን ይደግማል። አናባቢው አንድ ሆኖ ከኋላው አንድ ተነባቢ ብቻ ስላለ ነው።

«ጉድ፣ ጉደር፣ ጉደስት»

ይሄ ደንብ የለውም፤ በቃል መያዝ ነው። ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት። ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት። ሊትል፣ ሌስ፣ ሊስት። ሠንጠረዡን ብቻ መሸምደድ ግን አይበቃም ባይ ነኝ። ለእያንዳንዱ ቃል ስለምታውቁት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፤ ያኔ አይጠፋባችሁም።

«ቬሪ ዲፐር»

«በጣም ይበልጣል» ማለት ስለለመድን «ቬሪ» እንላለን። «ቬሪ» የሚሄደው ካልተለወጠው ቅጽል ጋር ነው። ለተለወጠው «መች» በሉ፦ «ሌክ ሻላ ኢዝ መች ዲፐር ዛን ሌክ ሐዋሳ።»

«ታና ኢዝ ቢገር ፍሮም ኦል»

አማርኛ «ከእሱ ይበልጣል» እና «ከሁሉም ይበልጣል» ሲል ግሱ ያው ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለተኛው ሌላ ቅርጽ አለው፣ ፊቱ ላይም «ዘ» ይፈልጋል። «ዛን» አይገባም፤ ቦታ ስትጠሩ «ኢን» ይመጣል፦ «ታና ኢዝ ዘ ቢገስት ሌክ ኢን ኢትዮጵያ።»

በዚያው አንድ ረቂቅ ስህተት አለ። «ራስ ዳሸን ኢዝ ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ» ካላችሁ ራስ ዳሸንም የኢትዮጵያ ተራራ ስለሆነ ከራሱ በለጠ ማለታችሁ ነው። «ኤኒ አዘር» ስትሉ ይስተካከላል።

«ዘ ፕራይስ ኢን ሐዋሳ ኢዝ ቺፐር ዛን አዲስ አበባ»

የዓሣ ዋጋ ሲነሳ ጎበዞቹም የሚስቱት ይሄን ነው። ስህተቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዋጋ ከከተማ ጋር አይወዳደርም፤ ዋጋ ከዋጋ፣ ዓሣም ከዓሣ ጋር ነው። ሁለተኛ፣ «ቺፕ» የሚባለው ዕቃው ነው፤ ዋጋው «ሎው» ነው። ሐዋሳ ያለው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲገዛ ያገኛችሁት እንግዳ ቢጠይቃችሁ እንዲህ በሉት፦ «ፊሽ ኢዝ ቺፐር ኢን ሐዋሳ ዛን ኢን አዲስ አበባ።» ሁለተኛውን «ኢን» አትርሱት፤ ቦታን ከቦታ ጋር የሚያስተካክለው እሱ ነው።